ትንሹ ታንክና የጣርማ በር አቀበት

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ጎልማሶች ከሥራ ሰዓት በኋላ በሰፊ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ያለፈን ጦርነት እንደገና የሚዋጉበት ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። የጦር ሜዳው የጠረጴዛው ገጽ ነው፤ ሠራዊቱ ከእርሳስ ወይም ከፕላስቲክ የተቀረጸ፣ በመዳፍ የሚያዝ ምስል ነው፤ የጉዞው ርቀት በማስመሪያ ይለካል፤ የተኩሱም ውጤት በዕጣ ይወሰናል። ለብዙዎቹ ግን ከጨዋታው ይልቅ የሚወደደው ሥራ ምስሎቹን ቀለም መቀባት ነው። የጦርነት ዘመንን ታንክ በቀጭን ብሩሽ የሚቀባ ሰው ሳያስበው የታሪክ ጸሐፊን ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል፦ ይህ ታንክ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው መንገድ፣ በምን ዓይነት አፈር ላይ ሄደ? ጥያቄው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ስለነበሩት ትንንሽ ታንኮች ሲነሣ መልሱ ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ሲናና ደብረ ብርሃን ድረስ ያደርሳል።

ይህ ጨዋታ መዝናኛ ከመሆኑ በፊት የጦር ትምህርት ነበር። ፎን ራይስቪትስ የተባለ ፕሩሲያዊ ሹም እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ የጦር ጨዋታ ገበታ አቀረበ፤ የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁም በ1824 ደንቡን አሻሽሎ አወጣ፤ የፕሩሲያም መኮንኖች ይማሩበት ጀመር። ነገሩን ወደ ሰላማዊው ሰው ቤት ያስገባው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ነው፤ በ1913 የአሻንጉሊት ወታደሮች ጦርነት ደንብ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። በዌልስ ገበታ ላይ ታንክ አልነበረም፤ ታንክ ገና አልተሠራምና። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ከዐሥር ዓመት በፊት፣ በ1903፣ በየብስ ላይ ስለሚሄዱ የብረት ምሽጎች ልብ ወለድ ጽፎ ነበር። እውነተኛው ታንክ በሶም ጦር ግንባር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በመስከረም 1916 ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት ሁሉ ይበልጥ የታወቀው የኢጣሊያ ታንክ ሲ.ቪ. 33 እና ተከታዩ ሲ.ቪ. 35 ነው። ፊደሎቹ ካሮ ቬሎቼ፣ ማለትም ፈጣን ሠረገላ፣ የሚለውን ስም ያሳጠሩ ናቸው። አሠራሩ ከእንግሊዙ ካርደን ሎይድ የተወሰደ ሲሆን ያመረቱት ፊያትና አንሳልዶ ነበሩ። በእርግጥ ታንክ ብሎ መጥራቱ ክብር መጨመር ነው፤ ክብደቱ ከ3 ቶን ብዙም የማይበልጥ፣ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት የማይዘል፣ ሁለት ሰው ተጣብቆ የሚቀመጥበት የብረት ሣጥን ነበር። የሚዞር ማማ የለውም፤ መትረየሱ ወደ ፊት ብቻ ስለሚተኩስ ከጎንና ከኋላ ለሚመጣ ሰው ዕውር ነው። ይህን ጉድለቱን የራስ እምሩ ሠራዊት ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና ላይ በውጊያ አሳየ፤ ታንኮቹ በጠባቡ መተላለፊያ ተከበው ወደሙ፣ ተማረኩም።

ይህን ታንክ በ1 ለ72 ልኬት የሚሠራ ሰው ከ4 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያነሰ ነገር በእጁ ይይዛል። ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መሠረቱ ቀለም ይቀባል፤ ቀጥሎ እጅግ የቀጠነ ጥቁር ቀለም በየስንጥቁ ይፈስሳል፤ ከዚያም ከቀለም የደረቀ ብሩሽ በጠርዞቹ ላይ ሲታሽ ብረቱ ብርሃን ያገኛል፤ በመጨረሻም አቧራና ጭቃ ይጨመራል። የመሠረቱ ቀለም ምርጫ ግን አከራካሪ ነው። በዚያን ዘመን ለነበሩት የኢጣሊያ ታንኮች ቀቢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ቀላ ያለ ቡናማ መሠረትና በላዩ የተነቆጠ አረንጓዴ ነው፤ ግራጫ አረንጓዴ የሚቀቡም አሉ። የክርክሩ ምንጭ ፎቶግራፉ ነው። የጊዜው ሥዕሎች ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ ከዚያም በላይ በዘመኑ ይሠራባቸው ከነበሩት ፊልሞች አንዳንዶቹ ቀይ ብርሃንን ስለማይቀበሉ ቀዩን ነገር ጥቁር አድርገው ያሳያሉ። ስለዚህ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ጠቁሮ የሚታየው ነቁጥ አረንጓዴ ይሁን ቀይ በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ጭቃው ግን ከቀለሙ የበለጠ ታሪክ ይናገራል፤ ብዙዎች ቀቢዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። ለሁሉም የአፍሪካ ጦርነት አንድ ዓይነት ቢጫ አቧራ ይነሰንሳሉ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ውጊያው ከተደረገ በኋላ ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን በጠላት እጅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ወደ አዲስ አበባ የመራው ሰልፍ ከ1,500 በላይ ካሚዮኖችና መኪናዎች፣ መድፎችና ቀላል ታንኮች የያዘ ነበር፤ ፋሺስቶቹም የብረት ፈቃድ ጉዞ የሚል ስም ሰጡት። ወቅቱ የበልግ ዝናብ ጊዜ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ በዚህ ወራት ይረጥባል፤ የደብረ ብርሃንም አምባ ጥቁር አፈር ሲርስ እንደ ሊጥ ሆኖ የእግረኛውን እግርና የመኪናውን ጎማ አንድ ላይ ይይዛል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ያለፈውን ታንክ የሚቀባ ሰው ቢጫውን አቧራ ትቶ ጥቁር ጭቃ እስከ ሰንሰለቱ ድረስ ሊቀባው ይገባል።

ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት በሆለታ በተቋቋመው የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች ሲማሩ የነበሩ ወጣቶች በሩን ለመከላከል ወደዚያ ዘምተው ነበር። ወራሪውን ሰልፍ ለጥቂት ጊዜ ያቆመው ግን ከተኩሱ ይልቅ የፈረሰው መንገድ ነው። ያ ሁሉ ካሚዮን፣ ያ ሁሉ ታንክ በገደሉ አፋፍ ተሰልፎ አካፋና ዶማ የያዙ ሰዎች ሥራቸውን እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቀ። መንገዱ ከተጠገነ በኋላ ሰልፉ ደብረ ብርሃንን አልፎ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የዚያን ጉዞ ፍጥነት የወሰነው የመንገድ ሠራተኛው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ይሁንና አካፋ የያዘ ሠራተኛ በጨዋታው ገበታ ላይ እምብዛም አይታይም።

ልኬቱን በጥቂት ስሌት መፈተሽ ይጠቅማል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ታንኩ በተሠራበት በ1 ለ72 ልኬት ተራራው ይሠራ ቢባል ከ23 ሜትር በላይ፣ ማለትም የባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ያህል፣ ይቆማል። ታንኩ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሚሆንበት በትንሹ በ1 ለ285 ልኬት እንኳ ተራራው ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። የትኛውም ጠረጴዛ ይህን አይሸከምም። ስለዚህ ተጫዋቹ ተራራውን ወደ አንድ ክንድ ጉብታ ያወርደዋል፤ ታንኩ ግን በትክክለኛው መጠኑ ይቀራል። ገበታው ላይ ብረቱ ከአገሩ ይገዝፋል። ከዚህ የተነሣ የጨዋታው ፍርድ ወደ መሣሪያው ያደላል፤ በሸዋ ተራሮች ላይ የሆነው ግን ሌላ ነው።

የእኛ አገር ሠዓሊም መጠንን ያዛባል፤ እርሱ ግን አውቆ ነው። የዐድዋን ጦርነት በሸራ ላይ የሚሥለው ሠዓሊ ንጉሡንና መሪዎቹን ከሌላው አግዝፎ፣ ወገንን ሁለት ዓይኑ እንዲታይ ፊቱን መልሶ፣ ጠላትን በጎን አንድ ዓይን ብቻ እያሳየ ይሥላል። መጠኑ የክብር መጠን መሆኑን ተመልካቹ ሁሉ ስለሚያውቅ አይታለልም። የትንሹ ታንክ ቀቢ በአንጻሩ እውነተኛ ልኬት ይዣለሁ ብሎ ስለሚያምን የገበታው አድልዎ ከራሱም ይሰወረዋል።

ሌላም ጉድለት አለ። የሲ.ቪ. 33 የፋብሪካ ንድፍ፣ የብረቱ ውፍረት፣ የመትረየሱ ዓይነት በጽሑፍ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ቀቢው እያንዳንዱን ብሎን ሳይቀር ያውቀዋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአንኮበር፣ በመንዝና በቡልጋ ገደላገደል ከራስ አበበ አረጋይና ከሌሎች የጦር መሪዎች ጋር የተዋጋው አርበኛ ግን ንድፍ የለውም። ውጅግራ ወይም ምንሽር ይዞ፣ ከጠላት የማረከውንም ጨምሮ ይዋጋ ነበር። በደብረ ብርሃን ብርድ ምን ይደርብ እንደነበር፣ ሸማው በስንተኛው የክረምት ዝናብ መልኩን እንደለወጠ የሚያስረዳ የፋብሪካ ወረቀት አይገኝም። በመሆኑም የወራሪው ታንክ በሦስትና በአራት ዓይነት ቀለም ተጠብቦ ሲቀባ፣ አርበኛው ከሣጥን እንደወጣ ባለ ንጹሕ ነጭ ልብስ ይሰለፋል። ይህ የቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ማን በዝርዝር ይታወሳል፣ ማንስ በጅምላ ይታለፋል የሚል የታሪክ ጥያቄ ነው። ከአረጋውያን አርበኞች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ በየቤተሰቡ የቀረው ፎቶግራፍና ልብስ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የተቀመጠው ጠመንጃ አንድ በአንድ ቢመዘገብ ግን ለቀቢውም ለታሪክ ጸሐፊውም እኩል ይጠቅማል።

የመልክአ ምድሩን ቀለም ለማግኘት ያን ያህል መቸገር አያስፈልግም። የእንግሊዙን መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስን ተከትሎ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር የቆየው ጀርመናዊ ሠዓሊ በርናትዝ የአንኮበርንና የአካባቢውን ተራሮች በቀለም አስቀርቷል፤ ሥዕሎቹም በ1852 ለንደን ላይ ታትመዋል። ታንክ ከመፈጠሩ በፊት የተሣሉ ቢሆኑም፣ አገሩ የበረሃ አሸዋ አለመሆኑን ለማንም ያስረዳሉ።

ጣርማ በር ከወረራው በኋላም ዝም አላለም። ኢጣሊያኖች ራሳቸው ያን አቀበት ለማቃለል ተራራውን ፈልፍለው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ሠሩ፤ በሩንም በሙሶሊኒ ስም ጠሩት። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ ሲገሰግስ፣ በማፈግፈግ ላይ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በዚያው ተራራ ላይ የገዛ መንገዱን አፈረሰ። አሁንም ሰልፉ ቆመ፤ አሁንም መሐንዲሶችና ሠራተኞች ቀድመው ወጡ። ስሙ ከጦርነቱ ጋር ቀርቷል፤ ዋሻው ግን አለ፤ ካሚዮኖችም በጉም ውስጥ መብራታቸውን አብርተው ያልፉበታል።