ዜና ኬንሮኩኤን

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1631 ዓ.ም.፣ ማኤዳ ቶሺትሱኔ በጃፓን የካጋ ግዛት መስፍን በነበረበት ዘመን፣ በመናገሻው በካናዛዋ ታላቅ እሳት ተነሣ፤ ከተማውንም ግንቡንም ጎዳ። በዓመቱም መስፍኑ የሳይ ወንዝ ተጠልፎ ወደ ግንቡ ይምጣ ብሎ አዘዘ። ኢታያ ሄይሺሮ ሥራውን መርቶ፣ ተራራ እያስበሳ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ አወጣ፤ ስሙም ታትሱሚ ተባለ። ውሃውም ቁልቁል ወርዶ፣ በቧንቧ ከታፈነ በኋላ በገዛ ግፊቱ ሽቅብ ወደ ግንቡ ወጣ። ኬንሮኩኤን የተባለው ስመ ጥር ገነት ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ቦይ ነው እንላለን። ብዙዎች ከ1676 ይጀምሩታል፤ በዚያ ዓመት ማኤዳ ትሱናኖሪ ከግንቡ ፊት ለፊት ባለው ተዳፋት ላይ ቤት ሠርቶ ዙሪያውን ገነት አስተክሏልና። ይሁን እንጂ እርሱ ካስተከለው አብዛኛው በ1759 በእሳት ጠፋ። ውሃው ግን አልተቋረጠም። ስለዚህም በ1774 ማኤዳ ሃሩናጋ ሚዶሪ የተባለውን ፏፏቴ አሠራ፤ ከእርሱም በኋላ ማኤዳ ናሪያሱ የካሱሚን ኩሬ አሰፋ፤ በ1861ም ያለ አንዳች ሞተር፣ ከዚያው ኩሬ በሚወርደው ውሃ ግፊት ብቻ ወደ ላይ የሚፈናጠር ፏፏቴ ቆመ።

ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነገር እንዴት ጥንታዊ ይባላል የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በኩሬው ዳር አንድ እግሩን ውሃ ውስጥ፣ አጭሩን እግሩን በድንጋይ ላይ አድርጎ የቆመው ዝነኛው የድንጋይ ፋኖስ እንኳ የቀድሞው ምትክ ነው። ነገር ግን ገነት እንደ ሐውልት አንዴ ቆሞ የሚቀር ሥራ አይደለም። ናሪያሱ ከቢዋ ሐይቅ ዳር ዘር አስመጥቶ ያበቀለውን ጥድ እንመልከት። በየዓመቱ ከፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ቀን ጀምሮ፣ አትክልተኞች ከግንዱ አጠገብ ረጅም ምሰሶ አቁመው ከጫፉ ላይ በርካታ ገመዶች ያወርዳሉ፤ ቅርንጫፎቹንም አንድ በአንድ ያንጠለጥላሉ። የካናዛዋ በረዶ እርጥብና ከባድ ስለሆነ፣ ይህ ባይደረግ ዛፉ ይሰበር ነበር። ጥንታዊነቱ ሳይቋረጥ በመጣው በዚህ ድካም ውስጥ ነው፤ እንደ እኛ ፍርድ ይህ ካልተነካ ድንጋይ ይልቅ የጸና ማስረጃ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ይህ ሁሉ የመሳፍንት መዝናኛ ነበር፣ ወጪውም ከገበሬው የሩዝ ግብር ወጣ ይላል። እውነት ነው፤ ገነቱ ለሕዝብ ሁሉ የተከፈተው የመሳፍንቱ ሥልጣን ከተሻረ በኋላ፣ በ1874 ነው። ታሪኩን ከመስፍኑ ቤት ሳይሆን ከቦዩ ጀምረን የጻፍነውም ስለዚሁ ነው፤ የቆፋሪውና የአትክልተኛው ድርሻ እንዳይረሳ። ወደ ካናዛዋ የምትሄድ አንባቢ ሆይ፣ ፋኖሱ ዘንድ ከመድረስህ በፊት ወደ ያማዛኪ ኮረብታ ግርጌ ውጣና ውሃው የሚገባበትን ስፍራ ተመልከት።