ሾተላይ፣ ጠበልና ሆስፒታል፦ ጽንስ ለጨነገፈባቸው ሴቶች የተሰጠ እንክብካቤ በእንጦጦና በየካ

አንዲት ሴት ፀንሳ ሳትወልድ ስትቀር አማርኛ ተናጋሪው «ጨነገፈባት»፣ «ወረዳት» ወይም «አስወረዳት» ይላል፤ በጤና ተቋም መዝገብ ላይ ግን ሁሉም «ውርጃ» በሚለው አንድ ቃል ይጠቃለላል። ሐኪሞች ሳይታሰብ የሚሆነውን «ድንገተኛ ውርጃ» ብለው ሆን ተብሎ ከሚደረገው ይለዩታል፤ በኢትዮጵያ የሕክምና አሠራርም ከ28 ሳምንት በፊት የተቋረጠ እርግዝና በዚህ ስም ሲጠራ፣ ከዚያ በኋላ ሕይወት ሳይኖረው የሚወጣው «ሞቶ የተወለደ» ይባላል። ቃሉ ግን ከሐኪም ቤት ሲወጣ ልዩነቱን ይዞ አይወጣም። የፈለገችውን ልጅ ያጣችውም ያልፈለገችውን ያቋረጠችውም በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ሐዘንተኛዋ ተጠርጣሪ ሆና የታየችበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። በእንጦጦ ኮረብታዎችና ከሥራቸው በተዘረጋው የካ ያለፈው የመቶ ዓመት ታሪክ ሲመረመር ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ይታያል፤ ይኸውም ሴቲቱን የሚያጽናናው ቤትና ደሟን የሚያቆመው ቤት ተለያይተው መኖራቸው ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት እንጦጦ የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ ነበረ፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱ እቴጌ ጣይቱ ወደ ወደዱት የፍል ውሃ ሜዳ ሲወርድ በኮረብታው ላይ አብያተ ክርስቲያናቱና ጠበሎቹ ቀሩ። በግርጌው፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው መሬት፣ የሩሲያ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ለጋሲዮኖች ሰፋፊ ቦታ ተሰጥቷቸው ሠፈሩ፤ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የሰፈር ስም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ከለጋሲዮኖቹ ጋር የመጡት ሐኪሞች፣ ለምሳሌ የኢጣሊያው ሊንኮልን ደ ካስትሮ፣ የአገሬውንም ሰው ያክሙ ነበር። ይሁን እንጂ ወንድም ባዕድም በሆነ ሐኪም ፊት ስለ ማህፀን ደም መናገር ለአንዲት ባለትዳር ቀላል ስላልነበረ፣ ጽንስ የጨነገፈባት ሴት መንገድ በአመዛኙ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ጠበሉና ወደ ደብተራው ነበረ።

ደብተራው የሚሰጣት ክታብ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የተዘጋጀ ብራና በጠባብ በጠባቡ ተቆርጦና ተሰፍቶ እስከ ባለቤቲቱ ቁመት ድረስ ይረዝማል፤ የቅዱሳን ስሞችና የሴቲቱ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ይጻፋሉ፤ ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ይከተትና በአንገት ይንጠለጠላል። ከጸሎቶቹ ሁሉ የታወቀው የቅዱስ ሱስንዮስ ሲሆን፣ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዝልያን በጦር የሚወጋው ይህ ሰማዕት ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች ጠባቂ ተደርጎ ይታመናል። በብዙዎቹ ክታቦች ውስጥ «ሾተላይ» በስሙ እየተጠራ ይገሠጻል። ሾተላይ በሕዝቡ እምነት ጽንስ ደጋግሞ የሚያስወርድ፣ የተወለደውንም ሳያድግ የሚቀጥፍ ክፉ መንፈስ ነው፤ ልጅ የማይበረክትላት ሴት «ሾተላይ አለባት» ትባላለች። ክታቦቹን ያጠኑ ሊቃውንት ካስተዋሏቸው ነገሮች አንዱ የባለቤቲቱ ስም ተፍቆ በቦታው የሌላ ሴት ስም የተጻፈባቸው መኖራቸው ነው። አንዱ ብራና ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተላልፏል ማለት ነው፤ በብራናው ላይ የሚታየው የተፋቀ ቦታ ጽንስ የማጣት ስጋት ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዋ መሸጋገሩን ከማንኛውም የሆስፒታል መዝገብ በፊት የመዘገበ ማስረጃ ነው።

በቤት ውስጥ የሚደረገው እንክብካቤ ከአራስ ቤት ሥርዓት የተቀዳ ነበር። የወለደችው ሴት የሚገባት ገንፎና አጥሚት ለጨነገፈባትም ይዘጋጅላታል፤ የልምድ አዋላጅ ሆዷን በቅቤ ታሻታለች፤ እናቶችም የወረዳት ከወለደችው ይልቅ ትጎዳለችና እንደ አራስ መታረስ አለባት ይላሉ። ይህ አባባል በዘመናዊ ሕክምና ዓይን ሲታይም መሠረት የሌለው አይደለም፤ ደም የፈሰሳት ሴት ዕረፍትና ምግብ ያስፈልጋታልና። ሆኖም ሥርዓቱ እስከዚያው ድረስ ብቻ ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሳ እናቲቱ ከቤቷ ወጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትመለስበት ቀን የታወቀ ሲሆን፣ ጽንሱ ለወረደባት ግን እንዲህ ያለ በዓል የለም፤ ላልተጠመቀው ፍትሐት አይደረግም፣ ለቅሶ አይቀመጥም፣ እድርም ድንኳን አይተክልም። ጎረቤት ቡና ላይ «እንኳን ነፍስሽ ተረፈ፣ እግዜር ይተካልሽ» ብሎ ይነሳል። ሐዘኑ መውጫ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ ቀጥሎ በሚወለደው ልጅ ስም ነው፤ ምትኩ፣ ካሳ፣ ተካ፣ ማስረሻ የሚባሉት ስሞች ከእነርሱ በፊት ሌላ እንደነበረ የሚናገሩ ናቸው።

ኮረብታው ጠበል ብቻ አልነበረም፤ ሸክምም ነበረ። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንጦጦን ከሸፈነ ወዲህ ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱት ሴቶች ናቸው፤ ሸክሙም ከ30 ኪሎ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚደርሰው ጭንገፋ በአብዛኛው ከጽንሱ የክሮሞሶም ጉድለት የሚመጣ እንጂ ሴቲቱ በሠራችው ሥራ አለመሆኑ በሳይንስ የታወቀ ቢሆንም፣ ከባድ ሸክም ዘወትር ማንሳት አደጋውን ሊጨምር እንደሚችል ጥናቶች ያመለክታሉ። ለእነዚህ ሴቶች ዋናው ጥያቄ ግን ምክንያቱ ሳይሆን ዕረፍቱ ነበር፤ እንጨቱን በማግሥቱ ካላወረደች የማትበላ ሴት እንደ አራስ የምትታረስበት ቀን ከየት ይመጣል?

ወደ ታች ያለው መንገድ የተከፈተው ቀስ በቀስ ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን የጀመረው ሕክምና ፈር ቀዶ፣ በ1902 ዓ.ም. ገደማ ዛሬ በየካ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአገሪቱ የመጀመሪያ የመንግሥት ሆስፒታል ሆኖ ተቋቋመ። ቁስለኛና ተላላፊ በሽታ ቀዳሚ በነበሩበት በዚያ ዘመን የማህፀን ሕክምና የራሱ ትኩረት እስኪያገኝ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ጉዳዩ ድሃና ሀብታም እንደማይለይ ያሳየው የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ሞት ነው፤ በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል በነርስነት የሠለጠነችው ልዕልት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመቷ አረፈች። በእንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ በሲልቪያ ፓንክረስት አስተባባሪነት በተሰበሰበ ገንዘብ የተረዳው መታሰቢያ ሆስፒታሏ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል፤ በፌስቱላ ሕክምና የታወቁት ዶክተር ካትሪን ሀምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሀምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡትም በዚያ ሆስፒታል አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን ነበር።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማስወረድን ወንጀል አድርጎ፣ የተፈቀደውን በእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ላይ ለሚደርስ ከባድ አደጋና ለሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫ ወሰነው። ሕጉ ድንገተኛ ውርጃን አልነካም፤ ሆኖም ደም እየፈሰሳት በድንገተኛ ክፍል የምትቀርብ ሴት ምን እንደሆነች ከመጠየቋ በፊት ምን እንዳደረገች የምትጠየቅበትን ሁኔታ ፈጠረ። ፍርሃቱ ዋጋ ነበረው። አዋላጇ ተመራማሪ ባርባራ ክዋስትና ባልደረቦቿ ከ1974 እስከ 1975 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ይዘው በአዲስ አበባ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት፣ ከእናቶች ሞት ምክንያቶች ግንባር ቀደም ሆኖ የተገኘው የውርጃ መዘዝ ነው። በሆስፒታል ይሰጥ የነበረው ሕክምና ደግሞ ሕዝቡ «ማህፀን መጥረግ» የሚለው፣ የማህፀንን ግድግዳ በብረት መሣሪያ የመፋቅ ሥራ ሲሆን፣ ሐኪምና የቀዶ ሕክምና ክፍል ስለሚጠይቅ ወረፋ ነበረበት፤ «ተጠረገች» የሚለው ቃልም ሴቲቱን ዕድሜ ልኳን ተከትሏት ይኖራል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥ የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች አሰፋ፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መመሪያም ነርሶች፣ አዋላጆችና የጤና መኮንኖች አገልግሎቱን እንዲሰጡ ፈቀደ። የብረት መሣሪያውን የተካው፣ በእጅ በሚሠራ ትልቅ የፕላስቲክ ስሪንጅ የቀረውን የጽንስ ቅሪት የሚስበው ዘዴና ሚሶፕሮስቶል የተባለው ኪኒን ናቸው። ከዚህ ወዲህ የየካ ሴት ደሟን ለማስቆም የግድ ሆስፒታል መድረስ ሳይኖርባት፣ በወረዳዋ ጤና ጣቢያ በአዋላጅ ነርስ እጅ ልትታከም ቻለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የብዙ ሴቶችን ሕይወት ያተረፈው እርምጃ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን አገልግሎቱ «ድኅረ ውርጃ እንክብካቤ» በሚል ስም የተቀረጸው ያልተፈለገ እርግዝናን በማሰብ ስለነበር ምክሩም በዚያው ልክ ተሰፋ። ልጇን ያጣችው ሴት ከአልጋ ሳትነሳ ስለ ወሊድ መከላከያ ትጠየቃለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ምክር መሠረትም ስድስት ወር እንድትቆይ ይነገራታል፤ ስለ ሐዘኗ የሚጠይቃት ግን የለም። ሠራተኛ ከሆነች፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ይሰጣታል፤ አቆጣጠሩ በወሊድ ዙሪያ የተሠራ ነውና ያልወለደችው የት ቦታ እንደምትቆም አይታይም። ኒው ዚላንድ በ2013 ዓ.ም. ጽንስ ለጨነገፈባት ሴትና ለአጋሯ የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ በሕግ ደንግጋለች። በየዓመቱ በዓለም ላይ 23 ሚሊዮን ያህል ጽንስ እንደሚጨነግፍ ለሚገመት ጉዳይ ሦስት ቀን እንኳ ብርቅ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ሁለቱ ቤቶች፣ ጠበሉና ሆስፒታሉ፣ የሚገናኙበት አንድ ቃል ግን አለ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (በ1940 እ.ኤ.አ.) ላንድስታይነርና ዊነር የተባሉ ሳይንቲስቶች አር ኤች የተባለውን የደም ምልክት ካስተዋወቁ በኋላ፣ የእናቲቱ ደም ኔጋቲቭ የጽንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ሰውነቷ የሚያመነጨው መከላከያ ቀጣዮቹን ጽንሶች እንደሚያጠቃ ታወቀ። የኢትዮጵያ ሐኪሞች ይህን ለሕመምተኞቻቸው ሲያስረዱ «ሾተላይ» የሚለውን አሮጌ ስም መረጡ፤ ከክታቡ የወጣው መንፈስ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የደም ዓይነት ሆነ። ስያሜው በሚገባ የተመረጠ ነው፤ ምንም እንኳ የመጀመሪያውን ጽንስ እምብዛም የማይነካው የአር ኤች ችግር ከተደጋጋሚ ጭንገፋ ምክንያቶች አንዱ እንጂ ሁሉም ባይሆንም፣ ሴቲቱ የምታውቀውን ቃል ይዞ ወደ ምርመራ ያመጣታል። ችግሩን የሚከላከለው አንቲ ዲ የተባለ መርፌ ሲሆን፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ12 ሳምንት በታች ለሆነ ውርጃ አያስፈልግም ብሏል።

በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ በእንጦጦ ማርያም ጠበል በሺዎች የሚቆጠሩ የኤች አይ ቪ ሕሙማን በተሰበሰቡበት ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ስለ ጭንገፋም እንዲሁ ቢነገር ሥርዓቱ አዲስ አይሆንም። በኮረብታው የሚያዘው ሱባኤ ብዙ ጊዜ ሰባት ቀን ስለሆነ ከአንቲ ዲው 72 ሰዓት ይበልጣል፤ ትኩሳት ያላት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚወጣት ወይም ደሟ የማይቆም ሴት ሱባኤውን ከመጀመሯ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መውረድ፣ የደም ዓይነቷንም መጠየቅ ይኖርባታል።