አሮጌ መኪና የሚወደድበት ከተማ

የፒያሳው ሰፈር ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው፤ ዝናውን ግን ያተረፈለት ምሽቱ ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት የፊያት ሴይቼንቶ ታክሲዎች የዚያን ምሽት አምሺዎች ሲያመላልሱ ኖረዋል። ከባለቤት ባለቤት እየተዘዋወሩ፣ ሞተራቸው እየወረደ እየታደሰ፣ በሌላ አገር ለብረት ገዢ በሚሰጡበት ዕድሜ አራት ሰው አጨናንቀው ይጭኑ ነበር።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበው። ከመቶ ዓመት በኋላ አዲስ መኪና የሚፈልግ ደመወዝተኛ ግን መጀመሪያ ሒሳብ መሥራት ነበረበት።

ወደብ ሲደርስ 100,000 ብር የሚያወጣ፣ ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ የሚበልጥ መኪና እንውሰድ። በያኔው ሕግ 35 በመቶ ቀረጥ ሲጨመር 135,000 ይሆን ነበር። በዚህ ላይ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ሲመጣ 270,000፣ ቫት ሲታከል 310,500፣ ሱር ታክስ ሲደረብ 341,550 ብር። ክፋቱ፣ እያንዳንዱ ግብር የሚሰላው ከፊቱ በተከፈለው ግብር ላይ ጭምር መሆኑ ነው። የአስመጪው ትርፍና የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ገና አልተነካም።

አዲሱ ሲወደድ አሮጌው ተከትሎ ወጣ። ሌላ አገር መኪና ከመሸጫው በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል፤ እዚህ ግን ቮልስ ወይም ኮሮላ ዲኤክስ የገዛ ሰው ለዓመታት ነድቶ በትርፍ ሲሸጥ ማየት ብርቅ አልነበረም። ደላላው «ሴት የያዘቻት ናት፣ ቀለሟ አልተነካም» ይላል። ገዢው ያመጣው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያዳምጣል፣ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያያል፣ ላሜራውን በጣቱ እያንኳኳ ስቱኮ ይፈልጋል። ቀለሟ እውነትም ካልተነካ ክርክሩ የሚያልቀው በሻጩ ዋጋ ነው።

በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ መታው፤ ለትናንሽ አዳዲሶች ግን ኤክሳይዙን ወደ 5 በመቶ አወረደው። አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎች ይባስ ተወደዱ።

በ2014 የኤሌክትሪክ መኪና ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነ፤ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ ተጣለበት። በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በፈረሰበት በዚያው ዓመት ገበያው ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ፦ ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? ሲበላሽስ ማን ይሠራዋል?