የሴቶች የቃል ታሪክ በኢትዮጵያ

የሴቶች የቃል ታሪክ የሴቶችን ትዝታና ምስክርነት በቃለ መጠይቅ ሰብስቦ ለታሪክ ጥናትና ለመብት ትግል የሚያውል የጥናት ዘርፍ ነው። የኢትዮጵያ ዜና መዋዕሎችና መዛግብት ከቤተ መንግሥት ውጭ ስለነበሩ ሴቶች የሚሉት ጥቂት ነው። ስለዚህ የአብዛኞቹ ሴቶች ታሪክ የተጠበቀው በቃል ነው።

ሴት አርበኞች

በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ሴቶች ስንቅ በማቀበል፣ ቁስለኛ በማስታመም፣ መረጃ በማቀበልና በመዋጋት ተሳትፈዋል። ሸዋረገድ ገድሌ፣ ከበደች ሥዩምና ልኬለሽ በያን ስማቸው ከሚነሣው መካከል ናቸው። ስንዱ ገብሩ በአዚናራ ደሴት ታስረው፣ ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል። ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ስለ ሴት ተዋጊዎች ያሳተሙት ጽሑፍ ከቀዳሚዎቹ ጥናቶች አንዱ ነው። ምናለ አዱኛም እ.ኤ.አ. በ2001 ሴቶች በጦርነት ስለነበራቸው ድርሻ ጥናት አሳትመዋል።

ከምስክርነት ወደ ሕግ

በ1949 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከክስ ነጻ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተበዳይ ሴቶችን በነጻ ያማክርና ይወክል ጀመር፤ «በርቺ» እና «ድምጻችን» የተባሉ ኅትመቶችም ነበሩት። የማኅበሩ መሥራች ዳይሬክተር መዓዛ አሸናፊ ሲሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ማኅበሩ ጠላፊዋን ለገደለች የ14 ዓመት ልጅ ጥብቅና ቆሞ፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው በማለት በነጻ አሰናብቷታል። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም (እ.ኤ.አ. 2014) በዚሁ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የሴቶችን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ፤ ባል የቤተሰብ የበላይ ነው የሚለውንም ድንጋጌ ሻረ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በጋብቻ ከክስ ማምለጥን አስቀረ። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ በመከልከሉ የማኅበሩ ሥራ ተዳከመ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል። በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ2014 ስሒን ተፈራ የመሠረተችው «ሴታዊት» ሴቶች ስለ ሕይወታቸው የሚወያዩበትን መድረክ ከፍቷል።

ጋምቤላ

የቃል ታሪክ በተለይ የሚያስፈልገው የጽሑፍ መዝገብ በሳሳበት አካባቢ ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ የተፈቀደ ሲሆን፣ ስለ ጋምቤላ የተጻፈው የቆየ ሰነድ የሚያተኩረው በንግድ፣ በድንበርና በአስተዳደር ላይ ነው። እንደ ኒውላንድ ባሉ የከተማዋ ሰፈሮች የሚኖሩ ሴቶች ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጥሎሽ ከብት፣ ስለ ግጭትና ስደት የሚያውቁት ግን በኑዌርኛ፣ በአኝዋክኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚነገር ነው።

ስለዚህ የቃለ መጠይቁ አካሄድ ውጤቱን ይወስናል። ባል ወይም የጎሣ ሽማግሌ በተገኘበት፣ ወይም በወንድ አስተርጓሚ የሚጠየቅ ሴት ከራሷ ይልቅ የቤተሰቡን ታሪክ ልትናገር ትችላለች። ጥናቱ የተናጋሪዋን ፈቃድ፣ ስሟ ተደብቆ እንዲቆይ የመጠየቅ መብቷንና የተቀዳውን በቋንቋዋ መልሳ የመስማት ዕድሏን መጠበቅ ይኖርበታል።