ርስት የሌለው መንገደኛ፦ ከአምበር እስከ መርካቶ



«ሰማይ አምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» ይባል ነበር። አያቶቻችን ይህችን አባባል ገበያ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ አንዳንዴም በጨዋታ መሐል እየሰሙ አደጉ። ዛሬ የምንጽፈው ስለ ስድቡ አይደለም። «አገር የለህም» የተባለ ሰው ትልቅ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ምን ይዞ ገባ? በምን ኖረ? ለእኛስ ምን አወረሰን? የሚለውን ነው። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም ጎህ ሲቀድ አምበር ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንድ ሻንጣ የያዘ ልጅ የአዲስ አበባ መኪና እየጠበቀ ነው።

አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከሞጣ ተነሥቶ በቢቸና በኩል የሚመጣው መንገድም ወደ ደጀን ይወጣል። ከዚያ በኋላ ለሁሉም መንገዱ አንድ ነው፤ የአባይን በረሃ መውረድ፣ ድልድዩን መሻገር፣ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት፣ ከዚያ አዲስ አበባ።

የእኛ ሰዎች ግን መንገደኛ የሆኑት አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ነው። ምክንያቱም ርስት ነው። በጎጃም፣ እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ፣ ርስት የሰው ክብርም መተዳደሪያም ነበር። ሙስሊሙ ከጥቂት ቦታዎች በቀር ርስት አይይዝም። ቢያርስ የሰው መሬት ነው፤ ከምርቱ ያካፍላል። ስለዚህ ሽመናና ንግድ ያዘ። ድውሩና አህያው መሬቱ ሆኑለት። መሬት ያለው ሰው ከተማ ሲሄድ ጥሎት የሚሄደው ነገር አለው። ርስት የሌለው ግን ሙያውንና ስሙን ተሸክሞ ይሄዳል።

ከአነደድ በስተደቡብ ባለው ባሶ ሊበን፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገሪቱ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከእናርያና ከጉድሩ አባይን ተሻግሮ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ባሪያም ይሸጥበት ነበር፤ ታሪካችንን ስንናገር ይህንን መደበቅ የለብንም። የሲራራው ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። የጉዟቸው አንዱ መድረሻ ጎንደር ነው። በሞጣ በኩል ወደ በጌምድር የሚሻገረው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የአባይ ድልድይ ዛሬም «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ይታወቃል።

ታዲያ ለአያቶቻችን የመጀመሪያዋ ትልቅ ከተማ ጎንደር ነበረች። እንዴት ተቀበለቻቸው? በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሙስሊሙ ከከተማይቱ በታች፣ በቀሃ ወንዝ በኩል ሰፈረ፤ ያ ሰፈር ኋላ አዲስ ዓለም ተባለ። ከተማዋ ሸቀጡን ትፈልጋለች፣ ባለሸቀጡን ግን ከዳር ታስቀምጠዋለች። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ሲታዘዝ፣ ዳር መኖሩም የተከለከለባቸው ብዙዎች ቀያቸውን ጥለው ተሰደዱ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። መሬቷ ለመኳንንትና ለጦር አለቆች ተሰጠ፤ ብዙዎቹ ሰፈሮችም በእነሱ ስም ተጠሩ። ትልቁ ገበያ መጀመሪያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣልያን ከተማዋን ሲይዝ ነጭና ጥቁር ተለይቶ እንዲኖር አቀደና የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ጣልያንኛ ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ታላቁ አንዋር መስጊድም የተሠራው በዚያው ዘመን፣ እዚያው መርካቶ ነው። ወራሪው ለፖለቲካው ብሎ ሙስሊሙን ቢያባብልም ግፉ ለማንም አልቀረም። ሆኖም ለመለያየት ተብሎ የተከለለው ስፍራ ከጊዜ በኋላ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚገናኝበት ሆነ።

ከጎጃም የሚመጣው አውቶቡስም ለረጅም ዘመን የሚራገፈው እዚያው አጠገብ፣ አውቶቡስ ተራ ነበር። ሽማግሌዎቻችን ሲያወሩ የሰማነው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። እንግዳው ከመኪና ይወርዳል፤ ኪሱን በእጁ ይዞ አንዋርን ይጠይቃል። ሰግዶ ሲወጣ በአነጋገሩ የሚያውቀው የአገር ሰው ያገኛል። «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል። አባቱ ታማኝ ከሆነ የዚያን ዕለት ማደሪያ አለው። በአንዲት የጭቃ ክፍል አራት አምስት ሆኖ በደባልነት ይኖራል። ሱቅ በደረቴ ይጀምራል፤ ሸቀጡን በዱቤ የሚሰጠው የአገሩ ሰው ነው። ብድሩን ሲጨርስ እቁብ ይገባል። እቁቡ ሲደርሰው ትንሽ መደብ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ግዴታው ይመጣል፤ ቀጣዩን እንግዳ እሱ ይቀበላል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጻፈ ውል የለም። ዋስትናው ስም ነው። አንድ ልጅ አደራ ቢበላ ወሬው አባይን ተሻግሮ አባቱ ዘንድ ይደርሳል። ርስት የሌለው ሰው ያፈራው ርስት ይህ ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ተደረገ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ይብቃ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን ተባለ። አገር የለውም ለሚለው አባባል ይህ መልስ ነበር። በዓመቱ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የጎጃም ሙስሊም ገበሬም ከጎረቤቱ እኩል መሬት የሚይዝበት መንገድ ተከፈተ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ኪራይም ተቀነሰ። ብዙ ድሃ በቀበሌ ቤት ልጆቹን አሳደገ። አዲስ የሚመጣው ግን የይለፍ ወረቀት እየተጠየቀ፣ ቤት ሳይገነባ ሰው እየበዛ፣ እንደገና ደባል ሆነ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ተደለደለ። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ልጅ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ከአባቱ ማሳ ላይ ቁራሽ ካልተካፈለ መሬት የለውም። የዛሬው ታሪክ ከአያቶቻችን ታሪክ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አምበር ላይ መኪና የሚጠብቁት ሁለት ልጆች አንዱ አሕመድ ሌላው ኃይሌ ሊባሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ርስት የላቸውም። ያ አባባል ዛሬ የሁሉም ልጅ ዕጣ ሆኗል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ሲቃጠሉ የአሮጌው አባባል እሳት እንዳልጠፋ አየን። ግን ሌላም ነገር አየን። መልሶ ለመገንባት ከየከተማው ገንዘብ ሲዋጣ ክርስቲያን ወገኖቻችንም እጃቸውን ዘርግተዋል። አባይን ተሻግሮ የሄደው ሰው አገሩን አልረሳም፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን አልረሳም።

የዛሬዋ አዲስ አበባ የትናንቷ አይደለችም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2,739,551 ሕዝብ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ ስንት እንደጨመረች ዓይናችን ያያል። አዲስ መጪ የመጀመሪያ ደሞዙን ሳያይ ለደላላ ይከፍላል፣ ቀብድ ያስይዛል፣ መታወቂያና መሸኛ ይጠየቃል። የጭቃ ቤቶቹም በብዙ ሰፈር ፈርሰዋል። ልጁ አሁን የሚደውለው ለማያውቀው ደላላ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ሰው እየጠፋ ነው። እኛን የሚያስጨንቀን ከኪራዩ ይልቅ ይህ ነው።

የመዲና ታሪክ እዚህ ላይ ይረዳናል። ሙሃጂሮች ባዶ እጃቸውን ሲገቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሮች ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ለአብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) የንብረቱን ግማሽ ሊሰጠው ፈለገ። አብዱረሕማን ግን መርቆት፣ ገበያው ወዴት እንደሆነ እንዲያሳየው ብቻ ጠየቀ። ውሎ ሳያድር በቅቤና በደረቅ አይብ ንግድ ጀመረ። ታሪኩን ስንናገር ብዙ ጊዜ የአብዱረሕማንን ጉብዝና ብቻ እናነሣለን። ሰዕድ በሩን ባይከፍት ግን ያ ጉብዝና የት ያድር ነበር?

ስለዚህ ከተማ የቆየነው ሰዎች ሥራ አለን። እንግዳውን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማሳደር፣ ከደላላ ጋር ሲነጋገር አብሮ መቆም፣ ሕጉን መንገር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህንን የማያውቅ ልጅ የስድስት ወር ሲጠየቅ ከአባቱ በሬ አሽጦ ይከፍላል። መጪውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሙያ ይዞ መምጣት፣ አደራ መጠበቅ፣ የተቀበለውን ሰው ቤት ማክበር።

አያቶቻችንን ያኖራቸው ርስት አልነበረም፤ በር የሚከፍት ሰው ነበር። ያንን በር የአሕመድም የኃይሌም ልጅ ሲያንኳኳ እንክፈት። የጎረቤት ሐቅ በእምነት አይከፈልም።

ሰማይ አምድ የለውም፤ ግን አልወደቀም። አላህ ያለ ምሰሶ ያቆመው ነው። በመንገድ ላይ ላሉ ልጆቻችን ሁሉ አላህ መንገዳቸውን ያግራላቸው፤ ከመልካም ሰው ያገናኛቸው። አሚን።