ከፕራግ እስከ አበላ ቆላ፦ ሙቀትን በቀለም የማንበብ ታሪክ

የወላይታው ዳሞታ ተራራ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ አባያ ሐይቅ ዳር ሲወርዱ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ሶዶ ላይ ጋቢ ያስደረበ ማለዳ፣ በዚያው ቀን አበላ ቆላ ላይ ላብ ያስጠርጋል። ወላይታ ለዚህ እንግዳ አይደለም። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ግን ሙቀት ፈጽሞ አይችልም። ጤና ጣቢያ ላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሙቀት ሲበዛበት በውስጡ ያለው የተዳከመ ቫይረስ አቅሙን ያጣል፤ ያኔ ጠብታውን መስጠት ውኃ እንደመስጠት ነው።

የክትባት ፕሮግራሙ በአገራችን በ1972 ዓ.ም. ስድስት በሽታዎችን ይዞ ሲጀመር ዋናው ራስ ምታት ይኸው ነበር። ፍሪጅ ሌሊቱን ጠፍቶ ቢያድር፣ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቢውል፣ ብልቃጡ ስንት ሰዓት ሙቀት እንደመታው ማን ይናገራል? የተጠራጠረ ባለሙያ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፦ ሁሉንም መድፋት፣ ወይም እግዜር ያውቃል ብሎ መስጠት።

መልሱ የመጣው ከቀለም ነው፤ የቀለሙ ታሪክ ግን ከክትባት በፊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1888 ፕራግ ውስጥ ፍሬድሪክ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከኮሌስትሮል የተሠራ ንጥረ ነገር ሲያሞቅ ግራ ገባው። በ145 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ ደፈረሰ፤ በ178 ገደማ ደግሞ ጠራ። ሲቀዘቅዝ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ብልጭ ብሎበት ጠፋ። ያን ጊዜ ወላይታ ገና በራሱ ካዎ (ንጉሥ) የሚተዳደር መንግሥት ነበር፤ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ካዎ ጦናን ድል የነሣው በ1887 ዓ.ም.፣ ከዚህ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ራይኒትዘር ግራ የገባውን ነገር ለጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦቶ ሌማን ጻፈለት፤ ሌማንም እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ እንደ ክሪስታል የተደራጀ ነገር መሆኑን አስረዳ። ሊኲድ ክሪስታል እንዲህ ተወለደ።

ቀለሙ ከማቅለሚያ አይመጣም። ሞለኪውሎቹ ንብርብር ሠርተው፣ እያንዳንዱ ንብርብር ከሥሩ ካለው ትንሽ ዞር እያለ፣ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይቆማሉ። የጥምዝምዙ ርዝመት የትኛው ብርሃን ተንጸባርቆ እንደሚመለስ ይወስናል። ሙቀት ርዝመቱን ሲቀይረው ቀለሙም ይቀየራል። ግንባር ላይ ተለጥፎ ትኩሳት የሚያሳየው ስስ ፕላስቲክ የሚሠራው በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፈረንሳዊው ፒየር ዢል ደ ዤን ይህን ነገር ከጎማ ጋር ቢያዛምዱት ቅርጹን ይቀይራል አለ፤ በ1981 ጀርመናዊው ሃይኖ ፊንከልማንና ባልደረቦቹ ሠርተው አሳዩ። ጠመዝማዛው ንብርብር ያለበት ጎማ ሲሳብ ይሳሳል፣ ጥምዝምዙ ያጥራል፤ ቀዩ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሰማያዊ ይሆናል። ሲለቁት ወደ ቀዩ ይመለሳል።

እኔን የሚገርመኝ ግን፣ ይህ ሁሉ ውበት ለአበላው ብልቃጥ አለመጥቀሙ ነው። ትናንት ቀትር ላይ ሞቆ ዛሬ ማለዳ የቀዘቀዘ ሊኲድ ክሪስታል ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይገኛል። ለክትባት የሚያስፈልገው ቂም የሚይዝ ቀለም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ፓዝ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያን ፈለጉ፤ ያገኙትም ዳይአሴቲሊን ከሚባል ውህድ ነው። ጌርሃርድ ቬግነር እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው የዚህ ውህድ ሞለኪውሎች ጠጣር ሆነው ሳሉ ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ቀለሙ ይጠቁራል፣ ተመልሶም አይፈታም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ይህ ቀለም የፖሊዮ ጠብታ ብልቃጥ ላይ ተለጠፈ። ባለሙያዎቹ ቪ.ቪ.ኤም ይሉታል፦ ወይን ጠጅ ክብ፣ መሃሉ ላይ ነጣ ያለ ትንሽ ካሬ። ካሬው ከክቡ እስከነጣ ድረስ ክትባቱ ይሰጣል፤ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከበለጠ ይጣላል። የፖሊዮው ምልክት 37 ዲግሪ ላይ በ2 ቀን፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ደግሞ ቀስ ብሎ ጥቁረቱን ይጨርሳል፤ ትናንሽ ሙቀቶችን እየደመረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሴቶች ሲመደቡ፣ ይህች ካሬ በእጃቸው ገባች። ላቦራቶሪ የለ፣ ቴርሞሜትሩም ያለፈውን አይናገርም፤ ሣጥኑን ከፍቶ ማየት ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ያደረ ፍሪጅ እንኳ ያሉት ብልቃጦች ሁሉ ይደፉ አያሰኝም፤ አንድ በአንድ እየታዩ የሚተርፈው ይተርፋል።

አንድ ነገር ግን ካሬዋ አታይም፤ ብርድን። እንደ ፔንታቫለንት ያሉ ክትባቶች በረዶ ከነካቸው ይበላሻሉ፤ ካሬዋ ግን በዚህ አትለወጥም። አይስ ፓኩን ከፍሪዘር አውጥቶ በረዶው እስኪላላ ሳይጠብቅ ሣጥን ውስጥ መክተት የተለመደ ስሕተት ነው። ያን የጠረጠረች ባለሙያ ሆን ብላ በረዶ አድርጋ መልሳ ያቀለጠችውን ብልቃጥ ከተጠረጠረው ጎን ይዛ ሁለቱንም ትነቀንቃለች፣ ጠረጴዛ ላይ ታቆማቸዋለች፤ ከዚያ የትኛው ቀድሞ ዝቃጭ እንደሚያስቀምጥ እስከ 30 ደቂቃ ቁጭ ብላ ታያለች።