የስደተኞች እስር በአሜሪካ ካውንቲዎች፦ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? የሚጠየቀውስ?

በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳያቸው ያልተቋጨ የውጭ ዜጎች የሚታሰሩት በፌዴራል መንግሥቱ ማቆያዎች ብቻ አይደለም። በአጭር መጠሪያው አይስ የሚባለው የኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ቁጥጥር ተቋም ከካውንቲዎች ጋር ውል እየገባ በአካባቢ ወህኒ ቤቶች ያስራቸዋል። ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ ወህኒ ቤቱን በብዙ ቦታ የሚመራው በሕዝብ የተመረጠ ሸሪፍ ነው።

እስሩ በሕግ ፊት ቅጣት አይደለም፤ ሰውየው ጉዳዩ እስኪወሰን ወይም ከአገር እስኪወጣ የሚቆይበት አስተዳደራዊ እርምጃ ነው። የሚኖርበት ግቢ ግን በወንጀል ለተጠረጠሩና ለተፈረደባቸው የተሠራ ነው። ጉዳዩ የወንጀል ባለመሆኑም መንግሥት በራሱ ወጪ ጠበቃ እንዲያቆምለት አይገደድም።

ክፍያው በሰውና በቀን ይታሰባል። በኒው ጀርሲ የሚገኘው ኤሴክስ ካውንቲ ለአንድ ታሳሪ በቀን 117 ዶላር ይቀበል ነበር። የጠባቂው ደመወዝ፣ መብራቱና ውኃው አልጋው ባዶ ቢሆንም የማይቀር ወጪ ስለሆነ፣ ተጨማሪ ታሳሪ ለካውንቲው ካዝና ተጨማሪ ገቢ ነው። የቀን ተመኑ የተቆረጠ በመሆኑ ደግሞ ከምግቡና ከሕክምናው የተቀነሰው ሁሉ በእጅ ይቀራል።

ያ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በዚያው በኤሴክስ ታይቷል። የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ሳያስታውቅ ባደረገው ፍተሻ ደም የሚያንጠባጥብ ጥሬ ዶሮ፣ የሸተተ ሥጋና የሻገተ ዳቦ አገኘ። አንድ ጠባቂ የጎረሰ ሽጉጡን በሠራተኞች መጸዳጃ ቤት ረስቶት፣ ያገኘው ሲያጸዳ የነበረ ታሳሪ ነው። ወህኒ ቤቱ ይህን ለአይስ አላሳወቀም።

አደራ የሰጠ ሰው አደራውን ይጎበኛል፤ ጉድለት ሲያገኝም ይጠይቃል። ጽሕፈት ቤቱ በ2019 ያወጣው ሌላ ዘገባ ግን አይስ ይህን እምብዛም እንዳላደረገ ያመለክታል። ከኦክቶበር 2015 እስከ ጁን 2018 ባለው ጊዜ በ106 ማቆያዎች ከ14 ሺህ በላይ ጉድለቶች ተመዝግበው፣ የገንዘብ ቅጣት የተጣለው 2 ጊዜ ብቻ ነበር።

ተጠያቂነቱ ከዚህም በላይ የሚርቅበት ጊዜ አለ። በ2014 ቴክሳስ ውስጥ ዲሊ በተባለች ከተማ ለእናቶችና ለሕፃናት የተከፈተው ማቆያ ውሉ የተፈጸመው ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው የአሪዞናዋ ኢሎይ ከተማ ጋር ነበር። በጥጥ አምራች አካባቢ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ ሥራዋ በአይስና ማቆያውን በሚያስተዳድረው የግል ኩባንያ መካከል መቆም ብቻ ነበር፤ ለዚህም በዓመት 438 ሺህ ዶላር ገደማ ታገኝ ነበር። በገበያ ቋንቋ ይህ ድለላ ይባላል።

ገቢ የማያስገኝ፣ ዕዳ ግን የሚያመጣ ሌላ አሠራርም አለ። አይስ ካውንቲው በሌላ ጉዳይ የያዘውን ሰው ከመፈቻው ሰዓት በኋላ እስከ 48 ሰዓት እንዲያቆይለት ሊጠይቅ ይችላል፤ በደንቡ መሠረት ሰውየውን እስኪረከብ ድረስ ግን የመክፈል ግዴታ የለበትም። በፔንሲልቬንያው ሊሃይ ካውንቲ በዚህ መንገድ ለሦስት ቀን ገደማ ታስሮ የቆየው ሰው ኒው ጀርሲ የተወለደ አሜሪካዊ ሆኖ ተገኘ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2014 ጥያቄው ትእዛዝ ስላልሆነ ካውንቲው «ታዝዤ ነው» ብሎ ከኃላፊነት ሊያመልጥ እንደማይችል ወሰነ።

ኤሴክስ በ2021 ውሉን አቋርጧል፤ በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ አዲስ ውል የሚከለክል ሕግ አወጣች። ለታሳሪዎች ግን ነገሩ ሁሉ እፎይታ አልነበረም። የተፈቱ ቢኖሩም፣ ከቤተሰባቸውና ከጠበቃቸው ርቀው ወደ ሌሎች ግዛቶች የተወሰዱም ነበሩ።

በአሜሪካ የታሰረ ዘመድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ያለበትን ቦታ በአይስ የታሳሪዎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ማየት ይችላሉ። የሚያስፈልገው የታሳሪው የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥርና የትውልድ አገር፣ ወይም ሙሉ ስምና የትውልድ አገር ነው። የስም አጻጻፉ በሰነዱ ላይ እንደተመዘገበው ካልሆነ ላይገኝ ስለሚችል ቁጥሩን መያዝ ይመረጣል። ታሳሪው የኢትዮጵያ ቆንስላ እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት አለው። ስለ አያያዙ የሚቀርብ አቤቱታም ለወህኒ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለአይስና ለዋና ኢንስፔክተሩ ጽሕፈት ቤት በቀጥታ ሊቀርብ ይችላል።